ሞክሼ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአውቶቡሱ ማዞሪያ ትንሽ አለፍ ብሎ፣
ግማሽ ሱቅ አለችኝ፣ ግማሹን ዶሮ ሻጭ ይዞት፣ ተከፍሎ።
ስልክ እጠግናለሁ፣ ካርድ እሸጣለሁ፣
አካውንት ለሌለው አካውንት እከፍታለሁ፤
ስም፣ የይለፍ ቃል፣ ፎቶ በሰማያዊው ግድግዳ ፊት፣
አምስት ደቂቃ ነው፣ ካልጠፋ መብራት።

ጋሽ ሰርፀ መጡ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት፣
ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፤
አሁንም ሲያወሩ ጣታቸው ይቆርጣል የማይታይ ወረቀት።
«ልጄ ከሐዋሳ የልጅ ልጄን ፎቶ ላከ አሉኝ፤
እኔም እንደ ሰዉ በስሜ ክፈትልኝ።»
ጻፍኩት። ክቡ ዞረ፣ ዞረ፣
ስልኩ በቀይ ቀለም ይቺን ተናገረ፦
«ይህ ስም ተይዟል።»

«ተይዟል?» አሉ፣ የታክሲ ጋቢና እንደተነፈጉ፣
መነጽራቸውን ገፍተው ወደ ስልኩ ተጠጉ።
«ማነው የያዘብኝ? ምን አኑሮበታል፣ ጃንጥላ ወይስ ኮት?
ስድሳ ሁለት ዓመት እኔው ተቀምጬበት!»

ያዡን አየሁት። ያው የኛው ሰርፀ፣ አራተኛ ፎቅ፣
በያጅ ነው፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ጥርሱ ሁሌ ሳቅ።
ሁለት ሞክሼዎች፣ በአንድ ብሎክ፣ በአንድ ደረጃ፤
ሰፈሩ ያለ ፎርም፣ ያለ ማስረጃ፣
አንዱን «የላዩ» ብሎ፣ አንዱን «የታቹ»፣
ስድስት ዓመት ኖሩ ሳይምታቱ፣ ሳይሰለቹ።

«ቁጥር እንጨምርበት» አልኩ፣ «የተወለዱበት ዓመተ ምሕረት፤
ሰርፀ ሃምሳ አራት።»
ዝም አሉ። ከዚያ፦
«ብሎኬ ቁጥር ነው። ቤቴም ቁጥር ነው።
ቆጣሪው፣ እድሩ፣ የጡረታ ደብተሩ፣ ሁሉም በቁጥር ነው።
የድሮ ቤቴን ሊያፈርሱት፣ በሩ ላይ የቀቡት፣
ያም ቀይ ቁጥር ነበር። ስሜን እንኳን ተዉት።»

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ከፊደል ገበታ
ሞክሼ መዘዝኩኝ በሞክሼ ቦታ፦
የላዩ በእሳቱ ሰ፣ የታቹ በንጉሡ ሠ፤
ለጆሮ አንድ ናቸው። ስልኩ ግን ተሞኘ፣ ሁለት ነው አለ፣ ታገሠ።
አስር ብር ተቀበልኩ። በጥበቤ ኮራሁ።
ጋሽ ሠርፀም የልጅ ልጃቸውን አዩ፣ እኔም ረሳሁ።

ክረምት ገባ። በእድሩ ቡድን ውስጥ፣ አንድ ሌሊት፦
«ሠርጸ ነኝ። ወድቄ ሐኪም ቤት ነኝ። ላኩልኝ፣ ለመድኃኒት።»
በጸሎቱ ጸ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ልክ።
ማን ፊደል ይቆጥራል፣ ጎረቤት ሲታመም፣ በተሰነጠቀ ስልክ?
ሁለት መቶ ተላከ፣ አምስት መቶ ተላከ፣
የእድሩ ጸሐፊ ሺህ ሰደደ፣ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ባረከ።

ወይዘሮ ይታይሽ ብቻ፣ ስልኳን አልጋ ላይ ጥላ፣
በረንዳ ወጣች፣ ራሷን ከዝናቡ በፌስታል ከልላ፣
ጮኸች፦
«ሠርፀ!»
(በየትኛው ሠ እንደጮኸች እንጃ።
አፍ ንጉሥ አያውቅም፣ እሳት አያውቅም፣ ጸሎት አያውቅ።)
ከላይ አንድ ራስ፣ ከታች አንድ ራስ፣ ብቅ።
«አቤት!»
«አቤት!»
«ከሁለታችሁ የታመመ አለ?»
«የለም።»
ሦስተኛው ሠርጸ፣ ያልተወለደው፣ በረንዳ የለውም።

በማግስቱ ሁለቱም መጡ ወደ ሱቄ።
ምን ልበላቸው? ብየዳ እንደነካው ቀለጥኩ፣ ተሳቅቄ።
እውነቱን ለመናገር ዛሬም አልቆረጥኩም፦
ስም ለአንድ ብቻ ይሁን? ያ አጥር ሌባ አላስቀረም።
ለሁሉም ይሁን? እድሩ ብሩን ለማን ይላክ? ይህም አልተዋጠልኝም።

ጋሽ ሠርፀ ግን ጣታቸውን ቆረጡ፣ እንደ ትኬት፦
«ሰርዘው። ሰፈሩ ያወጣልኝን ጻፍበት።
ሠርፀ የታቹ።»

ጻፍኩ። ክቡ ዞረ፣ ዞረ።
አረንጓዴ።

«አየህ» አሉ፣ መነጽራቸውን ኪስ እየከተቱ፣
«ግፊያው ላይ ነው። ታች ለመሆን ማን ይሻማል?
ጠጋ ጠጋ ካላችሁ፣ ታች ሁሌም ቦታ ይተርፋል።»